ድህነት ቸልተኝነት አይደለም፦ መቀጮ ባለመክፈል ለሚመጣ እስር ወሰኑ የት ነው?

የጽሑፉ ፍሬ ነገር

የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ መቀጮ መክፈል ያቃተውን ሰው ስላቃተው ብቻ ማሰርን ይከለክላል። ክልከላው ግልጽ ነው፤ ዘመንም ያስቆጠረ ነው። ሆኖም በዚያው ድንጋጌ ውስጥ «የሚያስወቅስ ቸልተኝነት» የምትል አንዲት ሐረግ ተሰክታለች። በእርሷ በኩል ድህነት፣ የቋንቋ ችግርና ያልተከፈተ ደብዳቤ ወደ ችሎት ይገቡና ጥፋት ተብለው ይወጣሉ። ለፊንስበሪ ፓርክና ለአካባቢው ኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ታክሲ የሚነዳ፣ ምግብ በብስክሌት የሚያደርስ፣ ሌሊት ቢሮ የሚያጸዳ፣ በጋራ ቤት አንድ የፖስታ ቀዳዳ ከብዙ ሰው ጋር የሚጋራ ሁሉ ይመለከተዋል። አቋማችን አጭር ነው። ሐረጓ ከሕጉ ትውጣ፤ በእስር ሊያዝ የሚገባው አቅም እያለው አልከፍልም ያለ ሰው ብቻ ነው፤ የሰው አቅምም መመርመር ያለበት መቀጮው ከተቆለለ በኋላ ሳይሆን መቀጮው ከመወሰኑ በፊት ነው።

በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉ በወረቀት ላይ

ጉዳዩን በዋናነት የሚገዛው በ1980 የወጣው የማጅስትሬት ፍርድ ቤቶች ሕግ ነው። ለፊንስበሪ ፓርክ ነዋሪ ይህ ሕግ የሚነበብበት ችሎት ሩቅ አይደለም፤ በቪክቶሪያ መስመር አንድ ጣቢያ ተጉዞ፣ በሆሎዌይ ጎዳና መጀመሪያ ላይ፣ የሃይበሪ ኮርነር ማጅስትሬት ፍርድ ቤት ይገኛል።

የሕጉ አንቀጽ 82 እንዲህ ይደነግጋል። ከፍርዱ ዕለት በኋላ መቀጮ ያልከፈለን ሰው ወደ ወህኒ ለመላክ ፍርድ ቤቱ አስቀድሞ ሰውየውን በአካል አቅርቦ አቅሙን መመርመር አለበት። ከዚያም ከሁለት ነገሮች አንዱ መረጋገጥ ይኖርበታል። አንደኛው፣ የተፈረደበት ወንጀል ራሱ እስር የሚያስከትል ሆኖ፣ ሰውየው ገንዘቡን ወዲያውኑ ለመክፈል የሚበቃ አቅም ያለው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ያልከፈለው ሆን ብሎ እምቢ በማለት ወይም በሚያስወቅስ ቸልተኝነት መሆኑና፣ ፍርድ ቤቱ ሌሎቹን የማስከፈያ መንገዶች ሁሉ አስቦ ወይም ሞክሮ የማይስማሙ ወይም ያልሠሩ ሆነው ማግኘቱ ነው። እነዚህ ሌሎች መንገዶች ከደመወዝ መቁረጥ፣ ከመንግሥት ድጎማ ላይ መቀነስ፣ በቤይሊፍ ንብረት መያዝ፣ አከፋፈሉን የሚከታተልና የሚመክር ሰው መመደብና የመሳሰሉት ናቸው።

የእስሩም ርዝመት በሠንጠረዥ ተወስኗል። እስከ 200 ፓውንድ ላለ ዕዳ ከ7 ቀን፣ እስከ 500 ፓውንድ ከ14 ቀን፣ እስከ 1,000 ፓውንድ ከ28 ቀን፣ እስከ 2,500 ፓውንድ ከ45 ቀን፣ እስከ 5,000 ፓውንድ ከ3 ወር፣ እስከ 10,000 ፓውንድ ከ6 ወር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ12 ወር ሊበልጥ አይችልም። ከፊሉን የከፈለ ሰው እስሩ በከፈለው ልክ ይቀነስለታል። አንቀጽ 85 ደግሞ ከፍርዱ በኋላ የሰውየው ኑሮ ከተለወጠ ፍርድ ቤቱ መቀጮውን በከፊል ወይም በሙሉ እንዲሰርዝ ሥልጣን ይሰጠዋል።

ይህን ያነበበ ሰው ድሃ በድህነቱ አይታሰርም ብሎ ሊያርፍ ይችላል። ሕግ አውጪውም ያሰበው ይህንኑ ይመስላል። ችግሩ ያለው በአንዲት ሐረግና ወደ እርሷ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ነው።

እምቢ ማለትና ቸል ማለት

ሆን ብሎ እምቢ ማለት ምን እንደሆነ ይህ ሠፈር ጠንቅቆ ያውቃል። ከፊንስበሪ ፓርክ በእግር በሚደረስበት ቦታ በ2016 የተዘጋው የሆሎዌይ የሴቶች ወህኒ ቤት ነበር። ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉ ብዙ እንግሊዛውያት መቀጮ ከመክፈል ይልቅ እስርን መርጠው በዚያ ታስረዋል። መክፈል ሳያቅታቸው፣ ለዓላማቸው ሲሉ አንከፍልም አሉ። ሕጉም ትርጉሙን ሳያዛባ እምቢተኞች ሊላቸው ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ምርጫ ነበረው፤ መረጠም።

ቸልተኝነት ግን ሌላ ነገር ነው። ቸልተኛ ነው የሚባለው ሰው ማድረግ የነበረበትን ነገር አላደረገም ማለት ነው። ታዲያ ማድረግ የነበረበት ምን ነበር? በችሎቱ ፊት የቆመው ሰው ስለ ገቢው፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ስልኩ ክፍያ፣ ስለ ሲጋራው ሊጠየቅ ይችላል። ለአገር ቤት ገንዘብ ትልካለህ ወይ ተብሎ ቢጠየቅስ? ለእኛ ለእናት የሚላክ 50 ፓውንድ እንደ ቤት ኪራይ ያለ ግዴታ ነው፤ እንዲያውም ከኪራይ የሚቀድምበት ወር አለ። የዚህን አገር ኑሮ ብቻ ለሚያውቅ ማጅስትሬት ግን ያው ገንዘብ ሰውየው መቀጮውን ሊከፍልበት ሲችል ለሌላ ያዋለው ትርፍ ሆኖ ሊታይ ይችላል። በሁለቱ አስተያየቶች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰው ነፃነት ነው። ሕጉ ግን ለዚህ ልዩነት መለኪያ አላስቀመጠም፤ ለዳኛው ግምት ትቶታል።

ያልተከፈተ ደብዳቤም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ሕግ ቋንቋ የተጻፈ፣ አራት ገጽ የሆነ፣ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተደባልቆ የመጣ ደብዳቤ ሳይነበብ ቢቀር፣ ቸልተኝነት ነው ለማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አለመሆኑን ለማስረዳት ግን ተከሳሹ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሌሊት ሥራው፣ ስለ ጤናውና ስለ መኖሪያው ብዙ መናገር ይኖርበታል፤ ያውም በማያውቀው ችሎት፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው።

ከዚህም የባሰ ድንጋጌ አለ። ፍርዱ በተሰጠበት ዕለት፣ ወንጀሉ እስር የማያስከትል ቢሆንም እንኳ፣ ሰውየው በዚህ አገር በአንድ መኖሪያ ረግቶ የመቆየቱ ነገር የሚያጠራጥር ከሆነ ፍርድ ቤቱ መቀጮውን በእስር ሊያስፈጽም ይችላል። ምክንያቱ በሌላ መንገድ ለማስከፈል ጊዜ አይኖርም የሚል ነው። ይህ ቃል የተጻፈው አገር ጥሎ ለሚሄድ መንገደኛ ታስቦ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ግን በቃሉ ልክ የሚመጣው የጥገኝነት መኖሪያውን እንዲለቅ የተነገረው፣ በዘመድ ሳሎን ሶፋ ላይ የሚያድር፣ በየወሩ አድራሻ የሚቀይር ሰው ነው። የቤት ችግሩ በወንጀሉ ላይ እንደ ተጨማሪ ጥፋት ይቆጠርበታል።

መቀጮው እንዴት ያብጣል?

እስሩ የመጨረሻው ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ የሚጻፈው ተከሳሹ በሌለበት ነው።

በ2015 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የነጠላ ዳኛ ሥርዓት እስር የማያስከትሉ ቀላል ወንጀሎችን አንድ ማጅስትሬት፣ ከሕግ አማካሪ ጋር፣ በወረቀት ብቻ እንዲወስን ያደርጋል። የቴሌቪዥን ፈቃድ አለመክፈል፣ ያለ ቲኬት በባቡር መጓዝ፣ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት በዚህ መንገድ የሚያልፉ ናቸው። ክሱ በፖስታ ይላካል። ተከሳሹ በ21 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ጉዳዩ እርሱ በሌለበት ይወሰናል።

መቀጮው የሚሰላው በሳምንት ገቢ ነው። ፍርድ ቤቱ የሰውየውን ገቢ ካላወቀ በግምት ይሠራል፤ ለብዙ ዓመታት ይህ ግምት በሳምንት 440 ፓውንድ ነበር። በድጎማ ለሚኖር ወይም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ግን መነሻው 120 ፓውንድ ነበር። በእነዚህ ቁጥሮች አንድ ምሳሌ እንሥራ። ኢንሹራንሱ ተቋርጦ ሲነዳ የተያዘ ሰው መነሻ መቀጮው የሳምንት ገቢው 150 በመቶ ነው። ዝቅተኛ ገቢውን ያስታወቀ ሰው 180 ፓውንድ ይቀጣል። ደብዳቤው ያልደረሰው ወይም ያልገባው ሰው በግምት 660 ፓውንድ ይቀጣል። ከ2022 ጀምሮ በመቀጮው ላይ ለተጎጂዎች አገልግሎት በሚል 40 በመቶ ይጨመራል፤ የመጀመሪያው ሰው 72፣ ሁለተኛው 264 ፓውንድ ይታከልበታል። የክስ ወጪው ገና አልተቆጠረም። ጥፋቱን ቶሎ ያመነ ሰው የሚያገኘው የአንድ ሦስተኛ ቅናሽም ለሁለተኛው ቀርቶበታል።

አሁን ወደ እስሩ ሠንጠረዥ እንመለስ። የ180 ፓውንድ መቀጮ ቢበዛ 7 ቀን፣ የ660 ፓውንድ መቀጮ ቢበዛ 28 ቀን ያሳስራል። ሁለቱ ሰዎች ያጠፉት ጥፋት አንድ ነው፤ ኪሳቸውም አንድ ነው። በአራት እጥፍ ያለያያቸው አንድ ቅጽ ነው። ቅጹን ያልሞላው ሰው መክፈል ሲያቅተው ደግሞ ያው ያልተሞላ ቅጽ ለቸልተኝነቱ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል። ደብዳቤው አንድ ጊዜ መቀጮውን አሳበጠ፤ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ የእስሩን በር ከፈተ።

ይህ ሥርዓት በጥድፊያው ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል በኦገስት 2024 ታይቷል። የእንግሊዝና የዌልስ ዋና ማጅስትሬት ፖል ጎልድስፕሪንግ 74,000 ገደማ የሚሆኑ የባቡር ጉዞ ክሶች ከመነሻው ዋጋ የሌላቸው መሆናቸውን ወሰኑ፤ የተከሰሱበት የ1889 የባቡር ሕግ በነጠላ ዳኛ ሥርዓት እንዲታይ ያልተፈቀደ ነበርና። ይህን ያህል ክስ በተከሳሽም በዳኛም ፊት ሲያልፍ ስህተቱ ሳይታይ መቆየቱ ሊያስገርመን አይገባም። ሰው በሌለበት ችሎት ለዳኛው «ቆይ» የሚለው የለም።

የዕዳ ቁራኛ

በሀገራችን የጥንት ሥርዓት አበዳሪና ተበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ጉዳያቸው እስኪያልቅ በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። ልማዱ ቀርቷል፤ ቃሉ ግን አልቀረም፤ ታሞ የተኛን ሰው ዛሬም የአልጋ ቁራኛ እንለዋለን። የቁራኛ ጥበቡ ባለዕዳውን ማሰሩ ብቻ አልነበረም። ሰንሰለቱ በአደባባይ እየታየ ዘመድ አዝማድ አፍሮ ወይም አዝኖ እንዲከፍል ያስገድድ ነበር።

መቀጮ ባለመክፈል የሚታሰሩ ሰዎች ቁጥር ዛሬ ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ነው። ታዲያ ለምን ትጮኻላችሁ የሚለን አይጠፋም። የምንጮኸው እስሩ ሳይፈጸምም ስለሚሠራ ነው። ፍርድ ቤቱ የእስሩን ቀን ቆርጦ፣ በየሳምንቱ ይህን ያህል እስከከፈልክ ድረስ አፈጻጸሙን አቆይቼዋለሁ ሊል ይችላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰውየው ቁራኛ ነው። የሚከፍለውም እርሱ አይደለም። የእቁብ ተራውን የለቀቀለት ጓደኛው ይከፍላል፤ ለልጆቿ ጫማ ያስቀመጠችው እኅቱ ትከፍላለች፤ የቤት ኪራዩ ይዘገይና ሌላ ዕዳ ይወለዳል። ቅጣቱ ከጥፋተኛው ወጥቶ ምንም ባላጠፉ ሰዎች ላይ ያርፋል። ቅጣት በአጥፊው ላይ ብቻ ይረፍ የሚለው መርሕ በየትኛውም የሕግ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጾች ላይ የሚገኝ ነው፤ በዚህ መንገድ ግን ማንም ሳያየው ይሻራል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንኑ ነገር ከፊቱ አግኝቶ ነበር። በጆርጂያ ግዛት ቤርደን የተባለ፣ ማንበብ የማይችል ሠራተኛ 500 ዶላር መቀጮና 250 ዶላር ካሣ ተፈርዶበት፣ የመጀመሪያውን 200 ዶላር ከወላጆቹ ተበድሮ ከፈለ። ከሥራ ተባረረና ቀሪውን መክፈል አቃተው፤ ታሰረ። ፍርድ ቤቱ በ1983 ውሳኔው፣ ለመክፈል በቅንነት ጥሮ ያልቻለን ሰው፣ ያልከፈለበት ምክንያት ሳይመረመርና ሌላ አማራጭ ሳይታሰብ ማሰር ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይስማማ ነው አለ። ውሳኔው በዚያ አገር ሁሉን ነገር አላቃናም። ግን ጥያቄውን ተገቢ ቦታው ላይ አስቀመጠው፤ ሰውየው ከፈለ ወይ ከማለት፣ ጥሮ ነበር ወይ ወደ ማለት።

ወሰኑ ሲጠብቅ ምን ሆነ?

እስሩን ማጥበብ ፍትሕን ያላላል የሚል ሥጋት በዚህ አገር አዲስ አይደለም፤ በተደጋጋሚም ተፈትኗል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በእንግሊዝና በዌልስ በአንድ ዓመት ከ90,000 በላይ ሰዎች መቀጮ ባለመክፈል ይታሰሩ ነበር። ዊንስተን ቸርችል በ1910 እና በ1911 የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሳሉ ሰው ለመክፈል ጊዜ ይሰጠው ብለው ተሟገቱ፤ ሐሳቡ በ1914 ሕግ ሆነ። በጦርነቱ ማብቂያ ቁጥሩ ከ6,000 በታች ወርዶ ነበር። ጦርነቱና የሥራ መገኘት የራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው አንክድም። ነገር ግን ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ የታሰሩት እምቢተኛ ሆነው ሳይሆን ቀጠሮ አጥተው እንደነበር ማንም ሊያየው የሚችል ሆነ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ቁጥሩ እንደገና በዓመት ከ20,000 በላይ ሆኖ ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በኦልድሃም ማጅስትሬቶች ላይ በቀረበ አቤቱታ፣ ሌሎቹ የማስከፈያ መንገዶች በእውነት ሊታሰቡና ያልሠሩበትም ምክንያት ሊገለጽ ይገባል ብሎ ወሰነ። አዲስ ሕግ አልወጣም፤ ያለው ሕግ እንዲከበር ብቻ ታዘዘ። በዚያን ጊዜ የታሳሪዎቹ ቁጥር በፍጥነት ወረደ። ይህ ራሱ ምስክርነት ነው፤ ቀድሞ ከታሰሩት ብዙዎቹ ሕጉ በትክክል ቢነበብ ኖሮ ባልታሰሩም ነበር።

ስህተቱ በካውንስል ታክስም ታይቷል። የካውንስል ታክስ ዕዳ የወንጀል መቀጮ አይደለም፤ ሆኖም በእንግሊዝ ዛሬም በተመሳሳይ የእምቢተኝነትና የቸልተኝነት መለኪያ እስከ 3 ወር ያሳስራል። በ2016 አንዲት የዌልስ ነዋሪ በዚህ ዕዳ 81 ቀን ተፈርዶባት 40 ቀን ከታሰረች በኋላ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2017 አቅሟ በሚገባ ስላልተመረመረ እስሯ ሕገ ወጥ ነበር አለ። ዌልስ ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ ይህን እስር ጨርሳ ሻረች። እንግሊዝ አልሻረችም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ዕዳ ያለባቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በካርዲፍ አንዱ በፊንስበሪ ፓርክ ስለሚኖሩ ብቻ፣ አንዱ በቤቱ ሌላው በወህኒ ሊያድሩ ይችላሉ።

በሌላው ዓለምም ወሰኑ እየጠበበ ነው። ጀርመን ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ መቀጮ ላልከፈለ ሰው የሚቆጠረውን የእስር ቀን በግማሽ ቀንሳለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም መቀጮ መክፈል ያልቻለ ሰው ዕዳውን በሥራ እንዲተካ የሚያስችል ድንጋጌ ይዟል። የአፈጻጸሙ ነገር ሌላ ክርክር ነው፤ ሐሳቡ ግን ገንዘብ የሌለው ሰው ሁሉ የሚሰጠው ነገር የለውም ከሚለው ይሻላል።

ለተቃዋሚዎቻችን መልስ

ሦስት ተቃውሞዎችን በአክብሮት እንመልሳለን።

የመጀመሪያው፣ የእስር ፍርሃት ከሌለ ማንም አይከፍልም የሚል ነው። እኛ የእስርን ፍርሃት ከእምቢተኛው ላይ እናንሳ አላልንም። አቅም እያለው የሚያላግጥ ሰው በሕጉ ውስጥ ይቆያል። ደመወዝ ያለው ከደመወዙ፣ ድጎማ ያለው ከድጎማው ይቆረጥበታል። ፍርሃት ሊያስከፍል የሚችለው ያለውን ሰው ነው፤ የሌለውን ሰው ፍርሃት የሚያደርገው ተበዳሪ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ተቸግሮም ቢሆን በሰዓቱ ለከፈለው ሰው ፍትሐዊ አይደለም የሚል ነው። ይህ ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ነው። 20 ፓውንድ በ20 ፓውንድ ቆጥባ የጨረሰች የጽዳት ሠራተኛ ሌላው ለምን ይቀርለታል ብትል እውነት አላት። መልሳችን ይቅርለት የሚል አይደለም፤ እንደ አቅሙ ይከፈል የሚል ነው። እርሷንም ከመነሻው በእውነተኛ ገቢዋ ቢቀጧት ኖሮ የከፈለችው ከዚያ ባነሰ ነበር። ያልከፈለው ሰው ቢታሰር ለእርሷ የሚመለስላት ነገር የለም።

ሦስተኛው፣ መንግሥት ገንዘቡን ያጣል የሚል ነው። እስሩን የጨረሰ ሰው ግን መቀጮው ይሰረዝለታል፤ መንግሥት ያን ጊዜ ገንዘቡን ያጣል። በእንግሊዝና በዌልስ አንድ የወህኒ ቦታ በአማካይ በዓመት ከ50,000 ፓውንድ በላይ ያስወጣል፤ በሳምንት ወደ 1,000 ፓውንድ ገደማ ነው። የ200 ፓውንድ ባለዕዳ የ7 ቀኑን ግማሽ ብቻ ቢታሰር እንኳ ወጪው ከዕዳው እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ ሰውየው ሥራውን ካጣ የሚቀጥለውን ዓመት ኪራዩን የሚከፍለው ማን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል።

የምንጠይቀው

1. ፓርላማው በ1980ው ሕግ አንቀጽ 82 ውስጥ የሚገኘውን «የሚያስወቅስ ቸልተኝነት» የሚል ሐረግ ይሰርዝ። የሚያሳስረው ሆን ተብሎ የተደረገ እምቢታ ብቻ ይሁን፤ የማስረዳት ሸክሙም በከሳሹ ወገን ላይ ይውደቅ።

2. ቋሚ መኖሪያ የሌለው መሆን ለእስር ምክንያት የሚሆንበት ድንጋጌ ይሻር።

3. በነጠላ ዳኛ ሥርዓት ገቢው ያልታወቀን ሰው በግምት የሚቀጡበት አሠራር ይቁም። ማስረጃ ከሌለ መነሻው የዝቅተኛ ገቢው ልክ ይሁን፤ መንግሥት ከግብርና ከድጎማ መዝገቡ ማረጋገጥ የሚችለውን ያረጋግጥ።

4. የክስና የመቀጮ ደብዳቤዎች የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ አማርኛን ጨምሮ ነዋሪው በሚያውቃቸው ቋንቋዎች፣ «ይህ የፍርድ ቤት ደብዳቤ ነው፤ መልስ ካልሰጡ ሊቀጡ ይችላሉ» የሚል ማሳሰቢያና የእርዳታ ስልክ ይታተም።

5. የታገደም ሆነ ያልታገደ የእስር ትእዛዝ ጠበቃና እንደ አስፈላጊነቱ አስተርጓሚ በሌለበት አይሰጥ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1996 በቤንሃም ጉዳይ፣ የሰው ነፃነት አደጋ ላይ ሲወድቅ የፍትሕ ጥቅም በመርሕ ደረጃ የጠበቃ ውክልናን ይጠይቃል ብሏል። መርሑ በየችሎቱ ያለ ልዩነት ይከበር።

6. እንግሊዝ በካውንስል ታክስ የዌልስን ፈለግ ትከተል። ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ፣ ፊንስበሪ ፓርክን የሚጋሩት የኢስሊንግተን፣ የሃሪንጌና የሃክኒ ካውንስሎች ነዋሪን ለዚህ ዕዳ ለማሳሰር እንደማያመለክቱ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ሕጉ እስኪለወጥ

እነዚህን ጥያቄዎች የምናቀርበው ለፓርላማ አባላትና ለካውንስል ተመራጮች ነው። ለወገኖቻችን ደግሞ ሕጉ ዛሬ የሚሰጠውን መብት ማስታወስ ግዴታችን ነው፤ የተደነገገ ወሰን የሚጠቅመው የሚጠራው ሲኖር ነውና።

ደብዳቤዎቹ አንድ አይደሉም። ከካውንስል የሚመጣ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት የፍትሐ ብሔር ዕዳ ነው፤ ቤይሊፍ ሊያመጣ ይችላል እንጂ አያሳስርም። ከማጅስትሬት ፍርድ ቤት የሚመጣ መቀጮ ግን ሊያሳስር የሚችል ነው። የክሱ ደብዳቤ ሳይደርሰው፣ ሳያውቅ የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በ21 ቀን ውስጥ በሕግ በተደነገገው የመሐላ ቃል ይህንኑ ካስታወቀ ፍርዱ ተነሥቶ ጉዳዩ እንደ አዲስ ይታይለታል። መክፈል ያቃተው ሰው ቀጠሮው ሳይደርስ የክፍያው ልክ እንዲቀነስለት መጠየቅ ይችላል። እስር ሊፈረድበት የሚችል ሰው በችሎቱ ዕለት ተረኛ ጠበቃ መጠየቅ ይችላል፤ አስተርጓሚም አስቀድሞ ማስያዝ ይችላል። የደመወዝ ወረቀት፣ የዩኒቨርሳል ክሬዲት ማስረጃ፣ የኪራይ ውልና ለአገር ቤት የተላከበት ደረሰኝ አብረው ይቅረቡ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶች፤ በማጅስትሬት ፊት ዝም ማለት ከደጃዝማችነት የከበደ ነገር ያስቀራል።

እንዲህ ያለው ምክር ግን ሰውን ከአደጋው ያስጠነቅቃል እንጂ አደጋውን አያነሣም። ነፃነቱ በቅጽ አሞላል፣ በእንግሊዝኛ ችሎታና በጎረቤት ብልኅነት ላይ የተንጠለጠለ ሰው በሕግ ተጠብቋል አይባልም። የእንግሊዝ ሕግ ድሃን በድህነቱ አላስርም ብሎ ቃል ገብቷል። የምንጠይቀው አዲስ ቸርነት አይደለም፤ ያ ቃል ማምለጫ ሐረግ ሳይኖረው እንዲከበር ነው።